ስድስተኛዋ ጷጉሜና ፎርማችን

ቀን መጻፍ ቀላል ነገር ይመስላል። እኛም እንደዚያ ነበር የመሰለን። ብዙ ኮድ ሳይጻፍ ሳጥን እየጎተቱ በሚሠሩበት መሣሪያ ለአንድ ሥልጠና የመመዝገቢያ ፎርም ሠራን። ዕድሜ ከ35 ዓመት በታች ይላል ማስታወቂያው። ለትውልድ ቀን ሳጥኑ ሁለት ደንብ ሰጠነው፤ ባዶ አይሁን፣ ከዛሬ በኋላም አይሁን። በቃ፣ ጨረስን ብለን ቡናችንን ጠጣን።

አንዲት አመልካች የልደት ምስክር ወረቀቷን አይታ 6/13/1987 ብላ ጻፈች። ጷጉሜ 6 ቀን 1987 ዓ.ም. ማለቷ ነው። በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ የተስተካከለው ፎርማችን ግን ጁን 13፣ 1987 እ.ኤ.አ. ብሎ አነበበው። ባዶ አይደለም፤ ከዛሬ በኋላም አይደለም። አለፈ፣ ሴቭ ሆነ። ልጅቱ በአንድ ጠቅታ ከ8 ዓመት በላይ አረጀች፤ ከዝርዝሩም ወጣች። ደውላ ባትጠይቅ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ስህተቱ ቢጎላብን ጊዜ ታሪኩን ወደ ኋላ መፈተሽ ጀመርን። ለካስ ቀንን ከመጻፍ በፊት የማረም ነገር ከኮምፒውተር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

ከቤታችን እንጀምር። የባሕረ ሐሳብን ስሌት ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ሊቃውንቱ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ሲያወጡ ደምረው ብቻ አይተዉትም። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 በፊት አይገባም፣ ከየካቲት 21 በኋላም አይዘገይም። ከዚህ ወሰን የወጣ ውጤት ያገኘ ሰው ስሌቱን ይመረምራል። ሁለተኛ መቆጣጠሪያም አለ። ነነዌ ከሰኞ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ዕርገት ከሐሙስ፣ ትንሣኤ ከእሑድ አይወጡም። ደምረው ደምረው ፋሲካ ማክሰኞ ላይ ከወደቀባቸው፣ የተሳሳተው ፋሲካ ሳይሆን ደማሪው ነው። ዛሬ የኮምፒውተር ሰዎች ቫሊዴሽን የሚሉት ይኸው ነው፤ ወሰን አለው፣ ምስክርም አለው።

ያ ምስክር፣ ማለትም የሳምንቱ ቀን፣ በአውሮፓም ታማኝ ሆኖ ቆይቷል። በ1582 እ.ኤ.አ. ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የዘመን አቆጣጠሩን ሲያሻሽሉ፣ ማሻሻያውን ወዲያው በተቀበሉት አገሮች ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ የመጣው ኦክቶበር 15 ነበር። 10 ቀን ተዘለለ። ነገር ግን ኦክቶበር 4 ሐሙስ ነበር፤ ኦክቶበር 15 ደግሞ ዓርብ። ቁጥሩ ዘለለ እንጂ ሳምንቱ አልተበጠሰም። እንግሊዝም በ1752 ስትቀላቀል ከረቡዕ ሴፕቴምበር 2 ወደ ሐሙስ ሴፕቴምበር 14 አለፈች። ስዊድን ደግሞ የጀመረችውን የለውጥ ሂደት መሀል ላይ ትታ ወደ ድሮው ስትመለስ በ1712 ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን አስቆጥራለች። በዚያ ቀን ስቶክሆልም የተወለደ ሰው ዛሬ ፎርም ቢሞላ "የተሳሳተ ቀን" ይባላል ማለት ነው።

በተቃራኒው ያልነበረ ቀን ሕጋዊ ሆኖ የሚኖርበት ቦታም አለ፤ ኤክሴል። በጎርጎርዮሳዊው ደንብ በ100 የሚካፈል ዓመት በ400 ካልተካፈለ በቀር ፌብሩዋሪው 29 ቀን አይኖረውም። ስለዚህ በ1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረም። ሎተስ 1-2-3 የተባለው የ1980ዎቹ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ግን ነበረ ብሎ ቆጠረ። ኤክሴል ሲመጣ የሎተስ ፋይሎች ቁጥር እንዳይዛባ ብሎ ስህተቱን አውቆ ተቀበለው። እስከ ዛሬ አልወጣም። በዚህም የተነሳ ኤክሴል በ1900 የመጀመሪያ ሁለት ወራት የሳምንቱን ቀን በአንድ ያዛባል። አሁንም ያጋለጠው ያው ምስክር ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ ችግሩ እጥፍ ነው። እኛ ዘንድ የካቲት 30 በየዓመቱ አለ። 31 የሚባል ቀን የለም። 13ኛ ወር አለን፤ ያውም አንዴ 5 አንዴ 6 ቀን የምትሆን። ዓመታችን ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ያን ጊዜ ጷጉሜ 6 ትሆናለች። 1987 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ልጅቱ ልክ ነበረች፤ የማያውቀው ፎርሙ ነው። ፎርሙን የሠራነው ደግሞ እኛ ነን፤ ጷጉሜን እየቆጠርን ያደግን የዚህ አገር ልጆች! መሣሪያው ከውጭ ሲመጣ የሰጠንን ሳጥን ሳንጠይቅ ተቀበልነው።

ፎርሙን እንደገና ሠራነው። በመጀመሪያ "በየትኛው አቆጣጠር?" ብሎ ይጠይቃል። ወር በቁጥር አይጻፍም፤ በስሙ ይመረጣል። ጷጉሜ ከሆነች ዓመቱን ለ4 አካፍሎ 6ኛዋን ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። የተጻፈውንም የተቀየረውንም ጎን ለጎን ይይዛል። ሴቭ ከማድረጉ በፊት ደግሞ ከባሕረ ሐሳብ የተማርነውን ይጠይቃል፤ "የተወለዱት ሰኞ፣ ጷጉሜ 6 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው፤ ልክ ነው?"

የተመዘገቡትንም አንድ በአንድ አየናቸው። ልጅቱ ብቻዋን አልነበረችም።

አዲሱን ፎርም እንድትሞክርልን ስንልክላት መልሷ አጭር ነበር። "ሰኞ ልክ ነው። እናቴ የሰኞ ገበያ ቀረብኝ እያለች ዛሬም ታነሳብኛለች።" የድሮው ፎርማችን ያነበበው ጁን 13፣ 1987 ቅዳሜ ነበር። እናትየውን ብንጠይቅ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይያዝ ነበር።