የንብ መርዝ በእርግጥ አሲድ ነው?



ቆቃ ላይ ንብ የነደፈችው ልጅ መስጂድ ሲመጣ ፋቲሓ እንቀራለታለን። ከጎን ደግሞ ምክር አይጠፋም፤ «የንብ መርዝ አሲድ ነው፣ ሶዳ ቀቡት! ተርብ ከሆነች አቼቶ!» ይባላል። ለመሆኑ ይህ ምክር ከየት መጣ?

መነሻው ጉንዳን ነው። ጆን ሬይ የተባለው እንግሊዛዊ ጉንዳን ተፈልቶ እንፋሎቱ ሲጠራቀም ኮምጣጣ ፈሳሽ እንደሚሰጥ በ1671 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። ፎርሚክ አሲድ የምንለው ይህ ነው፤ ስሙም ጉንዳን ከሚባልበት የላቲን ቃል የመጣ ነው። ንቧም የምታቃጥለን በዚሁ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታመነ። በ1897 ግን ዮሴፍ ላንገር መርዙን መርምሮ ጉዳት አድራሹ ፎርሚክ አሲድ አለመሆኑን አሳየ። ኋላ እንደታወቀው ዋናው ሜሊቲን ነው። 26 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት፣ ከደረቀው መርዝ ግማሽ ያህሉን የሚይዝና የሴሎቻችንን ሽፋን የሚበሳ ነገር ነው። መርዙ ከቆዳ ሥር ገብቷል፤ ሶዳው ላይ ላዩን ይቀራል።

ሙሳ ኢብን መይሙን የተባለው አይሁዳዊ ሐኪም በ1199 ካይሮ ላይ በዐረብኛ የመርዝ ኪታብ ጽፎ ነበር። ያጻፈው የሰላሑዲን አማካሪ የነበረው አል-ቃዲ አል-ፋዲል ነው። ሐሳቡ የተነደፈ ሰው ሐኪም እስኪያገኝ ምን ይደረግለት የሚል ነበር። ከዝርዝሩ ብዙው ዛሬ አይሠራበትም፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ንቧ መንደፊያዋን ከነመርዝ ከረጢቱ ትታ ትሄዳለች፤ ከረጢቱም ብቻውን መርዝ መግፋቱን ይቀጥላል። በጥፍር ተነቀለ ተፋቀ ለውጥ የለውም፤ በ1996 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ወሳኙ ፍጥነቱ ነው። ሙዝ ሙዝ የሚሸት ነገርም ስለሚለቅ ሌሎች ንቦችን ይጠራል። ስለዚህ ከቦታው ራቁ።

አሳሳቢው ግን ሌላ ነው። ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ በ1902 የባሕር እንስሳ መርዝ ለውሻ ሰጡ። የመጀመሪያውን መጠን የተቋቋመው ውሻ ከሳምንታት በኋላ በጥቂቱ ሞተ። ሪሼ በዚህ ሥራ በ1913 ኖቤል ተሸለመ። የሰውም አካል እንዲሁ ነው። አምና ተነድፎ ምንም ያልሆነ ወጣት ዘንድሮ በአንዲት ንብ ሊሞት ይችላል፤ የሚገድለው የመርዙ ብዛት ሳይሆን የገዛ አካሉ ቁጣ ነውና። ከንፈሩ ካበጠ፣ ገላው ሁሉ ሽፍታ ካወጣ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ካዞረው የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ነው። ያኔ ወደ መስጂድ አታምጡት፣ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም! ፋቲሓውን ባጃጁ ውስጥ እንቀራለታለን።

ወላሁ አዕለም።