የምስክር አበል፦ ለቃሉ ወይስ ለድካሙ?

እስቲ አስቡት፤ ሌባ ሲሰርቅ አይታችኋል፤ ፍርድ ቤቱ ግን የሁለት ቀን መንገድ ነው። ሥራ ፈታችሁ፣ ለማደሪያና ለምግብ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ትሄዳላችሁ? በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር የድሃ ምስክር ጭንቀት ይኸው ነበር።

መንግሥት ገንዘብ አልነፈገም፤ ያወጣው ግን ለሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1692 ጀምሮ የአውራ ጎዳና ሽፍታን ይዞ ላስፈረደ 40 ፓውንድ ይሸልም ነበር። ልብ በሉ፦ ተከሳሹ ነጻ ከወጣ ሽልማት የለም! ታዲያ ምን ሆነ? የማክዳንኤል ቡድን የሚባሉ ሰዎች የሐሰት ምስክርነትን መተዳደሪያ አደረጉት። ጆሹዋ ኪደን የተባለ ንጹሕ ሰው በእነሱ ቃል በ1754 ተሰቀለ።

በዚያው ዓመት የወጣ አንድ ሕግ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። በከባድ ወንጀል ለመመስከር የቀረበ ድሃ ለጊዜው፣ ለድካሙና ለወጪው ተመጣጣኝ ገንዘብ እንዲከፈለው ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን ሰጠ። እዚህ ላይ ዋናው መምጣቱ እንጂ ተከሳሹ መቀጣቱ አይደለም። የ40 ፓውንዱ ሽልማት በ1818 ቀረ፤ የወጪ ክፍያው ግን ቀጠለ።

እንግዲህ ስለ ምስክር አበል ስትሰሙ፣ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ለምኑ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።