የሮቢ ወንዝና የሰማይ ግንባር

ሸዋ ሮቢት ላደገ ሰው ጎርፍ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ነው። በሐምሌ አመሻሽ ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ፣ የሮቢ ወንዝ ድንጋይ እያንከባለለ በድንገት ይደርሳል። ልጅ ሳለሁ አያቴ ወንዙን ከመሻገራቸው በፊት ውኃውን አያዩም ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ደብረ ሲናና ጣርማበር አዙረው ያዳምጣሉ። ደጋው ካጉረመረመ እንመለሳለን። አንድ ቀን ነጎድጓዱን ሰምቶ ችላ ያለ ጎረቤታችን ሁለት በሬዎቹን አጥቶ፣ እርሱ በነፍሱ ብቻ ወጣ።

ይፋት ዝናብን ማጥናት የጀመረችው ትናንት አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ዐረባዊው ጸሐፊ አል-ዑመሪ፣ የዚህ አገር ሰዎች በዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚያርሱ፣ አንደኛውን ዝናብ “ቢል”፣ ሌላውን “ከረም” እንደሚሉት ጽፏል። ለአማርኛ ጆሮ በልግና ክረምት ናቸው! በ1324 ዓ.ም. ዐፄ ዓምደ ጽዮን ወደ ይፋት በዘመቱ ጊዜም፣ ወታደሮቹ ክረምት ገባ ብለው ወደ አገራቸው ለመመለስ መሻታቸውን፣ ንጉሡም እምቢ ማለታቸውን ዜና መዋዕላቸው ይነግረናል።

“ግንባር” የሚለው የጦር ቃል ወደ ሰማይ የወጣው ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በበርገን የነበሩት የኖርዌይ ሊቃውንት፣ ቀዝቃዛና ሞቃት አየር የሚጋጠሙበትን መስመር በጦር ሜዳው ስም ጠሩት። ቀዝቃዛው አየር ከሥር ገብቶ ሞቃቱን ወደ ላይ ሲገፋው ነጎድጓድ ይወለዳል። የአውሮፓ ተንባይ የዚህን መስመር ጉዞ ተከትሎ ማዕበሉ መቼ እንደሚደርስ ያሰላል።

በእኛ ዘንድ ከሰሜን የሚዘልቀው ቀዝቃዛ አየር በይበልጥ የሚረዳው በልጉን ነው። በክረምት ግን ግንባራችን ተራራው ራሱ ነው። ቀን የጋለው የቆላ አየር እርጥበቱን ይዞ ገደሉን ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለላል፤ ማታ በደጋው ላይ ይፈርሳል። ተንባዩ ጠዋት “በምሥራቁ ተዳፋት ነጎድጓድ ይጠበቃል” ሊል ይችላል። የትኛው ሸለቆ ላይ እንደሚወርድ ግን ደመናው ካደገ በኋላ ነው የሚታወቀው። ለማስጠንቀቅ የቀረው ጊዜ፣ ከነጎድጓዱ እስከ ጎርፉ ያለችው አጭር ሰዓት ናት።

ያቺ ሰዓት ስትባክን ምን እንደሚከተል ድሬዳዋ አይታለች። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ በደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ወርዶ በእንቅልፍ ላይ የነበሩትን ወሰደ። ከ250 የማያንሱ ሰዎች አለቁ። ብዙ ጊዜ ደረቅ ሆኖ የሚታይ ወንዝ ሰውን ያዘናጋል።

በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተቋቁሟል፤ በ2015 ዓ.ም. የመጠቀው የአውሮፓ ሳተላይትም የአፍሪካን መብረቅ ሳይቀር ከሰማይ ይመለከታል። ሆኖም ሳተላይት ያየውን፣ ማሾውን አርሞ ወንዝ የሚሻገረው ገበሬ ካልሰማ ምን ፋይዳ አለው? ደብረ ሲና ላይ ዶፉን ያየ ሰው ሸዋ ሮቢት ላለ ዘመዱ ስልክ ቢደውል፣ የአያቴ ጆሮ እንደገና ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ጎርፉ መንገድ ላይ ሳለ ድምፅ ይቀድመዋል።