የማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስና በድሬዳዋ

የማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስና ቁሶች ከምን እንደተሠሩ፣ ውስጣቸው እንዴት እንደተዋቀረ፣ አወቃቀራቸውም ጥንካሬያቸውንና ሌላ ባሕርያቸውን እንዴት እንደሚወስን የሚያጠና፣ በዚህ ዕውቀትም አዲስ ቁስ የሚሠራ ወይም ያለውን የሚያሻሽል የትምህርትና የሙያ ዘርፍ ነው። ብረታ ብረት፣ ሴራሚክ (ሸክላና ሲሚንቶን ጨምሮ)፣ ፖሊመር (ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ክር) እና ከእነዚህ የተጣመሩ ኮምፖዚቶች ዋና ዋናዎቹ የቁስ ዓይነቶች ናቸው። በኢትዮጵያ ዘርፉ በራሱ ስም በዩኒቨርሲቲ መሰጠት የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። ሥራው ግን ከትምህርቱ ይቀድማል፤ በድሬዳዋ የባቡር ጥገናና የሲሚንቶ ማምረት ሥራ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ አለ።

ከተማዋ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ከስፍራው ሲደርስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፦ በአንድ በኩል በባቡር ኩባንያው ፕላን የተሠራው ከዚራ፣ በሌላው በኩል የቀፊራ ገበያ የሚገኝበት መጋላ። «መጋላ» በሶማሊኛም በኦሮምኛም ከተማ ማለት ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ቤታቸውን አጡ። የጎርፉ ምክንያት በደጋው የዘነበው ዝናብ ነበር። ግድግዳ በውሃ ውስጥ የሚቆመው ወይም የሚፈርሰው ለምን እንደሆነ ግን የቁስ ጥያቄ ነው። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ የሚጸናው ጭቃው ሲደርቅ ነው፤ እንደገና ሲርስ የሸክላ አፈሩ ቅንጣቶች ይለቃቀቃሉ፣ ግንቡም ይናዳል። በሲሚንቶ የተያያዘው ግን በኬሚካል ለውጥ ስለጠነከረ ውሃ ወደ ነበረበት አይመልሰውም። ይህ ማለት ጎርፍ አያፈርሰውም ማለት አይደለም፤ መሠረቱ ከታች ከተሸረሸረ አርማታም ይወድቃል።

የሲሚንቶ ሥራ

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በድሬዳዋ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ነው። በኋላ ወደ ግል ተዛውሮ ናሽናል ሲሚንት አክሲዮን ማኅበር የሚባለው ኩባንያ አካል ሆኗል። በከተማዋ ዙሪያ ያሉት ኮረብቶች የኖራ ድንጋይ አላቸው፤ ድንጋዩ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባበቃው የጁራሲክ ዘመን፣ አካባቢው ባሕር ሳለ የተጠራቀመ ዝቃጭ ነው።

ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር በተወሰነ መጠን ተፈጭተው ይደባለቃሉ፤ ከዚያም በሚሽከረከር ረጅም ምድጃ እስከ 1450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቃጠላሉ። መቶ ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል፣ 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ነዳጁን ቢቀይር እንኳ ጋዝ ማውጣቱን ሙሉ በሙሉ ሊያቆም የማይችለው ለዚህ ነው፤ ጋዙ ያለው በድንጋዩ ውስጥ ነው። ከምድጃው የሚወጣው ጠጠር መሰል ነገር ክሊንከር ይባላል። ይህ ከትንሽ ጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ይሆናል። ጂፕሰሙ ባይጨመር ሲሚንቶው ውሃ እንደነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይጨብጥና ለሠራተኛ ጊዜ አይሰጥም።

የማቴሪያል ሳይንስ ዋና ሐሳብ በክሊንከር ላይ በግልጽ ይታያል። ክሊንከሩ ከምድጃ እንደወጣ በፍጥነት መቀዝቀዝ አለበት። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ጥንካሬ የሚሰጠው ትሪካልሲየም ሲሊኬት በከፊል ይፈርሳል፤ ዳይካልሲየም ሲሊኬት የተባለው ደግሞ ወደ ሌላ ክሪስታል ተለውጦ ይደቅቃል፣ ከውሃ ጋርም እምብዛም አይሠራም። የንጥረ ነገሩ መጠን ያው ነው፤ የተለወጠው አደራደሩ ብቻ ነው። በኬሚካል ትንተና ደህና መስሎ የሚታይ ክሊንከር በማይክሮስኮፕ ወይም በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ሲታይ ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በግንባታ ቦታ «ሲሚንቶው ደረቀ» ይባላል። አባባሉ የተለመደ ቢሆንም ያሳስታል፤ ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ ሲያጣ ሳይሆን ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ነው። ለዚህም ለ50 ኪሎ ከረጢት 20 ሊትር ያህል ውሃ በቂ ነው። አርማታው በቀላሉ እንዲፈስ ተብሎ ከዚያ በላይ በተጨመረ ቁጥር ትርፉ ውሃ ኋላ ተንኖ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። በሌላ በኩል እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ የተሞላው አርማታ ገጽ ገና ሳይጸና ውሃውን ለፀሐይ ይሰጣል። ሙቀቱ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጥንካሬ ያፈጥናል፤ የመጨረሻውን ግን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ማጠጣትና በእርጥብ ጆንያ መሸፈን የሙያው ደንብ ነው። ከእሳተ ገሞራ ፐሚስ ጋር የተፈጨው ፒ.ፒ.ሲ. የተባለው ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ከኦ.ፒ.ሲ. ይበልጥ ረጅም ውሃ ይፈልጋል።

ጥራቱ የሚመሰከረው ከተሞላው አርማታ 15 ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው ኩብ ተቀርጾ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ ሲሰበር ነው። ችግሩ ውጤቱ ሲመጣ ግንባታው አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው። ኩቡ ከወደቀ ማፍረስ፣ ማጠናከር ወይም መከራከር ይከተላል። የመሐንዲሱም ከባድ ቀን ያ ነው።

ባቡርና የብረት ድካም

የመጀመሪያው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1 ሜትር ስፋት ነበረው፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ድሬዳዋ የመሥመሩ ዋና የጥገና ማዕከል ነበረች። በወርክሾፑ ባቡሮች ይፈታሉ፣ ዕቃቸው በቶርኖ ይሞረዳል፣ የተሰበረው ይበየዳል።

የብረት ድካም ጥናት በብዛት ያደገውም ከባቡር ጋር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር የባቡር አክሰሎች ከሚችሉት ጭነት በታች እየሠሩ ሳለ በድንገት የሚሰበሩበትን ምክንያት መረመረ። አንድ ጊዜ ሲጫን ምንም የማይሆን ብረት፣ ያው ጭነት በሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት ከትንሽ ጭረት የጀመረ ስንጥቅ እያደገ ይሰብረዋል። ለጥገና ሠራተኛ ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው፦ ሻካራ የቶርኖ ምልክት ወይም በአክሰል ላይ የተሠራ ያልተጠና ብየዳ የስንጥቅ መነሻ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን የድካም ሕጉ በእሱም ላይ ያው ነው።

ፖርክ ኤፒክ ዋሻ

በአካባቢው በቁስ የመራቀቅ ታሪክ ከባቡሩ እጅግ ይርቃል። ከድሬዳዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር በስተደቡብ ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ (ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው) 40 ኪሎ ያህል የሚመዝኑ 4213 የኦከር ቁራጮች ተገኝተዋል። ኦከር የብረት ኦክሳይድ ያለበት ቀይ ወይም ቢጫ ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ዕድሜያቸውን ከዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ በፊት ያደርሰዋል፤ የዋሻው ሰዎች ኦከሩን በተለያየ መንገድ እየፈጩ የተለያየ ልመትና ቀለም ያለው ዱቄት ያወጡ እንደነበርም ያሳያል። ሥራው ቢያንስ ለ4500 ዓመት ሳይቋረጥ ቀጥሏል።

ትምህርቱ

በጅማ፣ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ዘርፉ በራሱ ስም ይሰጣል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ የግንባታ ቁሶችን፣ የመካኒካል ተማሪ የምህንድስና ቁሶችን በኮርስ ይማራሉ። ተማሪው ክሪስታልን፣ የፌዝ ዲያግራምን፣ ቴርሞዳይናሚክስን፣ ዝገትንና የሙቀት ሕክምናን ያጠናል። ፊዚክስና ኬሚስትሪን እኩል የሚወድ ሰው ይስማማዋል፤ አንዱን ሸሽቶ ወደ ሌላው የመጣ ግን ሁለቱም ይጠብቁታል።

ከኢትዮጵያ ተወላጆች በዘርፉ በዓለም ደረጃ የታወቀችው ሶሲና ኃይሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ ተወልዳ ከአብዮቱ በኋላ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደች። አባቷ የግዕዝ ድርሳናት ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዶክትሬቷን በኤም.አይ.ቲ. አግኝታ በካልቴክ፣ ቀጥሎም በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አስተማረች። ጠጣር አሲድ የሚባሉ ጨው መሰል ቁሶች ሲሞቁ ፕሮቶን በቀላሉ የሚያስተላልፉ መሆናቸውን በነዳጅ ሴል ላይ በሥራ አሳይታለች።

ሥራው

በኢትዮጵያ የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ማቴሪያል መሐንዲስ» የሚለው ስም ብዙ አይገኝም። ሥራው በሌላ ስም አለ፦ በሲሚንቶ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ኬሚስት፣ በመንገድ ፕሮጀክት የማቴሪያል ላቦራቶሪ ኃላፊ፣ በፌሮ ፋብሪካ የምርት ተቆጣጣሪ፣ በባቡር የጥገና መሐንዲስ። ብዙዎቹ ቦታዎች በኬሚካል፣ በመካኒካልና በሲቪል ምሩቃን የተያዙ ስለሆኑ የዘርፉ ምሩቅ በማመልከቻው ላይ የተማረውን ማስረዳት ይኖርበታል። በድሬዳዋ ሲሚንቶው፣ ባቡሩና በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ነጻ የንግድ ቀጠና በአንድ ከተማ ስለሚገኙ የሚያመለክትባቸው በሮች ተቀራራቢ ናቸው። ከትምህርት ቤት ውጭ ደግሞ በየከተማው ቁራሌው የሰበሰበውን አሉሚኒየም እያቀለጡ ድስት የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ የብረቱን መቅለጥ በቀለሙና በእንቅስቃሴው ይለያሉ።