የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቾች የደንብ ልብስ ታሪክ

ማናቸውም ሰው የደንብ ልብስ በለበሰ ጊዜ አንድ ነገር ይቀበላል፥ አንድ ነገርም ይተዋል። የሚቀበለው የማኅበሩን ስምና ክብር ነው፤ የሚተወው ግን በገዛ መልኩና በገዛ አለባበሱ ተለይቶ መታወቅን ነው። ወታደሩም፥ ተማሪውም፥ በሆስፒታል ሕሙማንን የምትረዳው ነርስም ይህን ያውቁታል። እኛም ስለዚህ ጕዳይ ጥቂት ለመጻፍ ባሰብን ጊዜ ምሳሌ አድርገን የመረጥነው፥ ለብዙው አንባቢያችን እንግዳ የሆነውን፥ በአሜሪካ አገር ግን እንደ ብሔራዊ ጨዋታ የሚቈጠረውን ቤዝቦልን ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ «ይህ ሰው የማን ነው? ስሙስ ማን ይባላል?» የሚለው ጥያቄ ከ170 ዓመት በላይ በሸሚዝና በካልሲ ላይ ሲጻፍና ሲፋቅ ኖሯል።

ጨዋታውን ላላየ ሰው በአጭሩ እናስረዳ። ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች ያሉባቸው ሁለት ቡድኖች ይጋጠማሉ። የአንደኛው ወገን ሰው ኳስ ይወረውራል፤ የሁለተኛው ወገን ሰው በዱላ ይመታል፤ ከመታም በኋላ በሜዳው ላይ የተተከሉትን አራት ምልክቶች እየረገጠ ይሮጣል። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ዱላውን አይቶ ዝምድና ያለው ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን የሚገናኙት በዱላው ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የመጀመሪያውን የደንብ ልብስ የወሰነው በኒው ዮርክ ከተማ የነበረው የኒከርቦከር ማኅበር ሲሆን፥ ጊዜውም 1849 ዓ.ም. ነው። ልብሱ ሰማያዊ የሱፍ ሱሪ፥ ነጭ የሱፍ ሸሚዝና የገለባ ባርኔጣ ነበረ። እነዚህ ሰዎች ከሥራቸው በኋላ ለመዝናናት የሚጫወቱ ጨዋዎች እንጂ በጨዋታ የሚተዳደሩ አልነበሩም። ስለዚህ ልብሳቸው የጌታ ልብስ አልነበረም፤ በፈቃዳቸው የገቡበት ማኅበር ምልክት ነበረ እንጂ።

ነገሩ የተለወጠው ገንዘብ ወደ ሜዳው በገባ ጊዜ ነው። በ1869 ዓ.ም. የሲንሲናቲ ከተማ ቡድን ተጫዋቾቹን ሁሉ በግልጥ በደመወዝ የቀጠረ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። መሪው ሃሪ ራይት የተባለ በእንግሊዝ አገር የተወለደ ሰው ነበረ። የዚህ ቡድን ተጫዋቾች ረጅሙን ሱሪ ትተው ከጕልበት በታች የሚታሰር አጭር ሱሪ ለበሱ፤ ከሱሪውም በታች ደማቅ ቀይ ረጅም ካልሲ አደረጉ። በአገሩ እየዞሩ ያገኙትን ቡድን ሁሉ ስላሸነፉ ካልሲያቸው ስማቸው ሆነ፤ ሕዝቡም «ቀይ ካልሲዎች» እያለ ጠራቸው። ዛሬ እንኳ የቦስተን ቡድን ሬድ ሶክስ፥ የቺካጎም ቡድን ዋይት ሶክስ ይባላሉ፤ የመጀመሪያው ቀይ ካልሲ፥ የሁለተኛው ነጭ ካልሲ ማለት ነው። በዚህ ዓለም በካልሲ ስም የሚኰራ ሌላ ማኅበር መኖሩን እንጠራጠራለን።

ከደመወዝ ጋር ግን ሰንሰለትም መጣ። በ1879 ዓ.ም. የቡድን ባለቤቶች እርስ በርሳቸው ተስማምተው፥ እያንዳንዱ ቡድን አምስት ተጫዋቾችን ለራሱ እንዲያስቀርና ሌላው ቡድን እንዳይነካበት ወሰኑ። ይህ ስምምነት እየሰፋ ሄዶ ተጫዋቾቹን በሙሉ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ተጫዋቹ የውሉ ዘመን ቢያልቅም ወደ ሌላ ቡድን በፈቃዱ መሄድ አይችልም ነበር፤ ባለቤቱ ግን ሊሸጠው ወይም በሌላ ሰው ሊለውጠው ይችል ነበር። እንግዲህ ያንኑ ሸሚዝ የለበሰው ሰው ከእንግዲህ ወዲህ የሸሚዙ አባል ሳይሆን የሸሚዙ ንብረት ወደ መሆን ተቃረበ።

ባለቤቶቹ በሰው ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ካገኙ በኋላ በልብሱም ላይ እንደ ወደዱ አደረጉ። በ1882 ዓ.ም. ሸሚዝና ቆብ በቡድን መለየቱ ቀርቶ በሥራ ቦታ እንዲለይ ታዘዘ፤ ይኸውም ወርዋሪው አንድ ቀለም፥ ቀላቢው ሌላ ቀለም፥ የቀሩትም እንዲሁ የየራሳቸውን ቀለም እንዲለብሱ ነው። ቡድኑ የሚታወቀው በካልሲው ብቻ ሆነ። ከዚህም የተነሣ የሁለቱ ተቃራኒ ቡድኖች ወርዋሪዎች አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰው ሲታዩ፥ ጓደኛሞች ግን የማይተዋወቁ መስለው ቆሙ። ተመልካቹ ሳቀ፤ ተጫዋቹ አፈረ፤ ትእዛዙም ያንኑ የጨዋታ ወራት ሳይጨርስ ቀረ። በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ሜዳውን ሳያዩ ደንብ የማውጣት ነገር የትም አገር ያለ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ቀስ በቀስ ረጋ። ቡድን በገዛ ከተማው ሲጫወት ነጭ፥ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ግራጫ መልበስ ልማድ ሆነ። ግራጫው የተመረጠው በመንገድ ላይ ማጠቢያ ስለማይገኝ እድፉን እንዲሸፍን ነው ይባላል። የኒው ዮርክ ያንኪስ ቡድንም ዛሬ የታወቀበትን ቀጫጭን መስመር ያለበትን ነጭ ልብስ በ1912 ዓ.ም. ሞክሮ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የዘወትር ልብሱ አደረገው። ብዙ ሰዎች መስመሩ የተጨመረው ቤብ ሩት የተባለው ዝነኛ ተጫዋች ወፍራም ስለ ነበረ ቀጭን አስመስሎ እንዲያሳየው ነው እያሉ ያወራሉ። ነገር ግን ሩት ወደ ያንኪስ የመጣው በ1920 ዓ.ም. ስለ ሆነ ወሬው ከዓመቱ ጋር አይስማማም።

ሰዎቹ እስከዚህ ዘመን ድረስ በሜዳ ላይ ስምም ቍጥርም አልነበራቸውም። የክሊቭላንድ ቡድን በ1916 ዓ.ም.፥ የሴንት ሉዊስ ቡድንም በ1923 ዓ.ም. በእጅጌ ላይ ትንሽ ቍጥር ሞክረው ብዙም ሳይቈዩ ተዉት፤ የሴንት ሉዊስ ተጫዋቾች ተዘባባች ስለ በዛባቸው አፍረው ነበር። ሰው ሆኖ በቍጥር መጠራት የሚያስከፋ መሆኑን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ በ1929 ዓ.ም. ያንኪስ በጀርባ ላይ ትልቅ ቍጥር አደረጉ፤ ቍጥሩም የተሰጠው በመምታት ተራ ነበረ። ሦስተኛው መቺ ሩት 3፥ አራተኛው መቺ ሉ ጌሪግ 4 ሆኑ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ቍጥር የሌለው ቡድን አልተገኘም።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። ለተመልካች ምቾት ብቻ የተሰፋው ቍጥር ከሰውየው ጋር ተዋሐደ። ጌሪግ በ1939 ዓ.ም. በማይድን ሕመም ምክንያት ጨዋታውን በተወ ጊዜ፥ 4 ቍጥርን ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ቡድኑ ወሰነ፤ በትልልቆቹ ሊጎች እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ባለቤቱ ሰጥቶት የነበረው ቍጥር መልሶ ሊወስደው የማይችለው ሆነ።

ይሁን እንጂ ይህን ልብስ ለመልበስ እንኳ ያልተፈቀደላቸው ነበሩ። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ጥቍር ተጫዋቾች ከትልልቆቹ ሊጎች ተከልክለው በራሳቸው ሊጎች ይጫወቱ ነበር። ጃኪ ሮቢንሰን በ1945 ዓ.ም. የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስን ልብስ ለብሶ ነበር፤ ሚያዝያ ወር በ15ኛው ቀን 1947 ዓ.ም. ግን የብሩክሊን ዶጀርስን ነጭ ሸሚዝ 42 ቍጥር ለብሶ ወደ ሜዳ ወጣ። ሸሚዙ ከጓደኞቹ ሸሚዝ ጋር አንድ ነበረ፤ ነገር ግን ቡድኑ ሲጓዝ ጓደኞቹ በሚያድሩበት ሆቴል ማደር የማይፈቀድለት ከተማ ነበረ። የደንብ ልብስ ሰውን ከሰው ጋር እኩል የሚያደርገው ለባሹ ልብሱን ለብሶ በቆመበት ሜዳ ላይ ብቻ እንደ ሆነ የሮቢንሰን ታሪክ በግልጥ ያሳያል።

ሴቶችም የደረሰባቸው ሌላ ነው። በ1943 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የተቋቋመው የሴቶች ሊግ ተጫዋቾቹን አጭር ቀሚስ አስለበሳቸው። በዚህ ጨዋታ ሯጭ ብዙ ጊዜ በመሬት ላይ እየተንሸራተተ ምልክቱን ይነካል፤ ስለዚህ እግራቸው ያልተሸፈነ ሴቶች ጭናቸው እየተላጠ ይደማ ነበር። ልብሱን የመረጠው የሚጫወትበት ሰው ሳይሆን የሚያየው ሰው ዓይን ነበረና። ሊጉ እስከ 1954 ዓ.ም. ድረስ ቈየ።

ስም በጀርባ ላይ የወጣው በ1960 ዓ.ም. ሲሆን፥ ያወጣውም የቺካጎ ዋይት ሶክስ ባለቤት ቢል ቬክ ነው። ሌሎቹ ቡድኖች ቀስ በቀስ ተከተሉት፤ ያንኪስ ብቻ እስከ ዛሬ ድረስ በጀርባቸው ላይ ስም አይጽፉም። ነገር ግን ስም መጻፍና ነጻ መሆን አንድ አይደሉም። ከርት ፍለድ የተባለው ተጫዋች ለሴንት ሉዊስ 12 ዓመት ከተጫወተ በኋላ በ1969 ዓ.ም. ሳይጠየቅ ወደ ፊላደልፊያ ተለወጠ። አልሄድም ብሎ ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 ዓ.ም. ፈረደበት። ያ አሮጌ ሰንሰለት የተበጠሰው በ1975 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በአንዲ ሜሰርስሚዝና በዴቭ ማክናሊ ጕዳይ ላይ በተሰጠ የግልግል ፍርድ ነው።

የዚህም ሰው ዕድል አስቂኝ ነው። ሜሰርስሚዝ ነጻ ከወጣ በኋላ በ1976 ዓ.ም. ወደ አትላንታ ሄደ። የአትላንታ ቡድን ባለቤት ቴድ ተርነር የቴሌቪዥን ጣቢያም ነበረው፤ ጣቢያውም በ17ኛው መሥመር ይታይ ነበር። ስለዚህ ለሜሰርስሚዝ 17 ቍጥርን ሰጠው፤ ከቍጥሩም በላይ በስሙ ፈንታ «ቻናል» ተብሎ ተጻፈበት። ከባለቤቶች እጅ የወጣው የመጀመሪያው ሰው ጀርባው ማስታወቂያ ሆነ ማለት ነው። የሊጉ ፕሬዚዳንት እንዲነሣ አዘዘ።

ስለ ጨርቁ ብዙ አንልም። ከባዱ ሱፍ በ1970 ዓ.ም. ከፒትስበርግ ቡድን ጀምሮ በሰው ሠራሽ ክር ተተካ፤ ከዚያም ወዲህ ደማቅ ቀለም በዛ። በ1976 ዓ.ም. ዋይት ሶክስ በቁምጣ ተጫውተው በሦስት ጨዋታ ተዉት። በ2024 ዓ.ም. የተሰጠው አዲስ ቀላል ልብስ ደግሞ በጀርባ ያለውን የስም ፊደል ስላሳነሰና ሱሪው ውስጡን ስላሳየ ተጫዋቾቹ በማኅበራቸው በኩል አመለከቱ፤ ለሚቀጥለውም ዓመት እንዲሻሻል ተደረገ። በ1882 ዓ.ም. የነበሩት ተጫዋቾች እንዲህ ያለ ማኅበር አልነበራቸውም።

የሮቢንሰን 42 ቍጥር በ1997 ዓ.ም.፥ ሜዳ በገባ በ50ኛው ዓመት፥ ከቡድኖች ሁሉ ላይ ተነሣ። አስቀድመው ለብሰውት የነበሩት ብቻ እንዲጨርሱት ተፈቀደላቸው፤ የመጨረሻውም የያንኪሱ ማሪያኖ ሪቬራ በ2013 ዓ.ም. ተሰናበተ። ነገር ግን ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በሚያዝያ 15 ቀን ተጫዋቾቹ ሁሉ፥ መሪዎቹም ዳኞቹም ጭምር፥ 42 ይለብሳሉ። በዚያ ቀን በያንኪስ ሜዳ የሚገኝ ተመልካች በጀርባቸው ላይ ስም የሌለባቸውን፥ ቍጥራቸውም አንድ የሆነ ዘጠኝ ሰዎች ያያል፤ ማን ማን እንደ ሆነ ለማወቅም ከ1929 ዓ.ም. በፊት እንደ ነበሩት ተመልካቾች አካሄዳቸውንና አወራወራቸውን መመልከት ይኖርበታል።