ለብጉንጅ ክትባት ለምን የለም?

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት በውስጥ መስመር "ልጄ ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ ብጉንጅ ወጣበት። ዶክተር፣ ለዚህ ነገር ክትባት የለውም ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ። አጭሩ መልስ "የለውም" ነው። ለምን እንደሌለው ግን ከ140 ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ አለውና ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ስኮትላንድ፣ አበርዲን ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ቁስል መግል መያዙ የማይቀር ነገር ነው የሚሉ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ። አሌክሳንደር ኦግስተን የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ግን ከታካሚዎቹ እባጭ ያወጣውን መግል በማይክሮስኮፕ ሲያየው ክብ ክብ ጥቃቅን ነገሮች ተከማችተው አገኘ። ከቤቱ ጀርባ በነበረችው ላቦራቶሪው፣ በትኩስ የዶሮ እንቁላል ውስጥ አራባቸው (ዘዴው ያስቀኛል፣ ግን ሠርቶለታል)። መግሉን አይጦች ላይ ሲወጋ እነሱም እባጭ አወጡ፤ መግሉን አስቀድሞ ሲያሞቀው ግን ምንም አልሆኑም። ግኝቱን በ1880 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ለቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ አቀረበ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወይን ዘለላ ስለሚመስሉ ከግሪክኛው ቃል ወስዶ ስታፊሎኮከስ አላቸው። በ1884 ደግሞ ጀርመናዊው ሮዘንባክ ወርቃማ ቀለም ያለውን ለይቶ ኦውሪየስ፣ ወርቃማው፣ አለው። ብጉንጅ የሚያወጣብን በአብዛኛው ይኼኛው ነው።

ጠላቱ ታወቀ። ታዲያ ኩፍኝ አንዴ የያዘው ሰው ዳግመኛ አይያዝም ማለት ይቻላል፤ ብጉንጅ ግን ለምን ይመላለሳል? መልሱ ያለው ባክቴሪያው ገላ ላይ፣ በላዩ ላይ በለበሳቸው ፕሮቲኖች ነው።

በ1958 ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ የጤነኛ ሰዎች ደም ከዚህ ባክቴሪያ አንድ ክፍል ጋር ሲገናኝ ምላሽ እንደሚሰጥ አየ፤ ሰዎቹ በተፈጥሮ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ያላቸው መስሎት ነበር። በ1966 ስዊድናውያኑ ፎርስግሬን እና ሹክቪስት ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አሳዩ። አንቲቦዲው ባክቴሪያውን ሳይሆን ባክቴሪያው አንቲቦዲውን ነበር የያዘው!

አንቲቦዲን ሁለት ክንድና አንድ እግር እንዳለው ነገር አስቡት። በክንዶቹ ባክቴሪያውን ጨብጦ እግሩን ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ ነጭ የደም ሴል ያንን እግር ይዞ ባክቴሪያውን ይውጣል። ፕሮቲን ኤ የተባለው የባክቴሪያው ፕሮቲን ግን አንቲቦዲውን በእግሩ ለቀም ያደርገዋል። ክንዶቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ፣ ነጭ የደም ሴሉም የሚይዘው ያጣል። ባክቴሪያው የኛኑ ወታደሮች ገልብጦ እንደ ጋቢ ተከናነባቸው ማለት ነው። (የሚገርመው፣ መድኃኒት ፋብሪካዎች ዛሬ ይህንኑ ፕሮቲን አንቲቦዲ ለማጣራት ይጠቀሙበታል። ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ታካሚዎች የሚሰጠው ትራስቱዙማብ የሚጣራው በዚህ መንገድ ነው።)

ፕሮቲን ኤ ብቻውን አይደለም። ክላምፒንግ ፋክተር የተባለው ሌላው ፕሮቲን ደም የሚያረጋውን ፋይብሪኖጅን ይይዛል። ተማሪ ሆኜ በመስታወት ላይ አንድ ጠብታ ፕላዝማ ከባክቴሪያው ጋር ስናቀላቅል በሰከንዶች ውስጥ ሲቋጠር አይቻለሁ፤ ያኔ ለፈተና የሚሸመደድ ነገር ብቻ ነበር የመሰለኝ። የሮዘንባክ ወርቃማ ቀለምም ለጌጥ አልነበረም። በ2005 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ቀለሙ ነጭ የደም ሴል ከሚረጨው ገዳይ ኬሚካል ባክቴሪያውን እንደሚከላከልለት አሳይተዋል።

እነዚህን ያወቁ ሳይንቲስቶች "እንግዲያው በላዩ ያለውን ነገር ለክትባት እንጠቀምበት" አሉ። በስኳር ሽፋኑ ላይ ያነጣጠረው ክትባት በኩላሊት እጥበት ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ በ2005 ሳይሳካ ቀረ። ቀጣዩ ብረት በሚነጥቅበት ፕሮቲን ላይ ያነጣጠረ ነበር፤ የልብና የደረት ቀዶ ሕክምና በሚደረግላቸው 8,000 ገደማ ሰዎች ላይ ሲሞከር በ2011 ተቋረጠ። ይህኛው ያስደነግጠኛል፦ በባክቴሪያው ከተያዙት መካከል ክትባቱን የወሰዱት የሞቱበት መጠን ካልወሰዱት አምስት እጥፍ ገደማ ነበር። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክላምፒንግ ፋክተርን ጨምሮ አራት ነገሮችን ያጣመረው ሦስተኛውም በ2018 ቆመ።

ስለዚህ ለእናትየዋ የነገርኳት ይህን ነው። መግል የቋጠረ ብጉንጅ ዋና ሕክምናው ዛሬም እንደ ኦግስተን ዘመን በንጹሕ መሣሪያ ተከፍቶ መግሉ መውጣቱ ነው፤ በጤና ባለሙያ እጅ እንጂ በጥፍር ወይም በመርፌ አይደለም። በተለይ አፍንጫና ከንፈር አካባቢ የወጣ በፍጹም አይጨመቅ። የካፕሱል ዱቄት በቁስል ላይ መነስነስ አይጠቅምም፣ ባክቴሪያው መድኃኒት እንዲለምድ ያደርጋል። ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ይህን ባክቴሪያ አፍንጫው ውስጥ ይዞ ስለሚኖር የቤተሰቡ ፎጣ ለየብቻ ይሁን። ትኩሳት ካለ ወይም መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ እንዲህ ሲመላለስ ደግሞ የደም ስኳር መታየት አለበት።