ከረሃብ ክረምት እስከ ኬንያ የአፈር ካርታ፦ የዊም ሶምብሩክ ሕይወት

ናይሮቢ ውስጥ ኢስትሊ ሲባል አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያስበው ገበያዋን ነው። ሶማሊያውያን፣ ኢትዮጵያውያን እና ኬንያውያን ነጋዴዎች ጨርቅ፣ ወርቅ እና ስልክ የሚሸጡባቸው ሕንጻዎች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይታያሉ። ዝናብ በጣለ ቁጥር በአካባቢው የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ጫማ ላይ እየተጣበቀ እግረኛውን ያስቸግራል።

ከገበያው አለፍ ሲባል ግን ሸማች የማይገባበት ረጅም የአውሮፕላን መንደርደሪያ አለ። ዛሬ የኬንያ አየር ኃይል የሚጠቀምበት የሞይ አየር ጦር ሰፈር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ደግሞ የብሪታኒያ ንጉሣዊ አየር ኃይል የኢስትሊ ጣቢያ ነበር። ያኔ ኬንያ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ እና በሶማሊያ ከነበረው የጣሊያን ጦር ጋር ለተደረገው ውጊያ መነሻ ሆና አገልግላለች። ከዚሁ አቅጣጫ የዘመተው ጦር አዲስ አበባ የገባው በአውሮፓውያኑ ሚያዝያ 1941 ነው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በዚህ መንደርደሪያ ላይ ላንካስተር የተባሉ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች ማረፍ ጀመሩ። የተሠሩት የጀርመን ከተሞችን በቦምብ ለመደብደብ ነበር። ኢስትሊ የደረሱት ግን ካሜራ ጭነው የምሥራቅ አፍሪካን መሬት ፎቶግራፍ ለማንሳት ነው።

ይኸው የአውሮፕላን ዓይነት ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ አህጉር ለተራበ ሕዝብ ምግብ ከሰማይ ጥሎ ነበር። በዚያች በተራበች አገር የነበረ አንድ ታዳጊ ከሦስት አስርት ዓመታት በኋላ ናይሮቢ ውስጥ የኬንያን የአፈር ካርታ ካዘጋጁት ሰዎች ቀዳሚው ሆኗል። እኚህ ሰው ሆላንዳዊው የአፈር ሳይንቲስት ዊም ሶምብሩክ ናቸው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የረሃቡ ክረምት

ሶምብሩክ የተወለዱት በ1934 በኔዘርላንድስ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ሳሉ አገራቸው በናዚ ጀርመን ይዞታ ሥር ነበረች። በ1944 የመኸር ወራት የአገሪቱ የባቡር ሠራተኞች የተባበሩትን ኃይሎች ለመርዳት ሥራ አቆሙ። ጀርመኖችም በአጸፋው ወደ ምዕራባዊው የአገሪቱ ክፍል ምግብ እንዳይገባ አገዱ። ክረምቱ ከወትሮው የከፋ ሆነ፤ ቦዮቹ በረዶ ሠሩ፤ ማገዶም ጠፋ።

ሆላንዳውያን ያንን ወቅት እስከ ዛሬ ‘የረሃቡ ክረምት’ ይሉታል። ሰዎች ለከብት መኖ የሚውል የስኳር ቀይ ሥር እና የአበባ ኮረት ቀቅለው እስከ መብላት ደርሰዋል። 20 ሺህ ገደማ የሚሆኑ ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ይገመታል።

በሚያዝያ 1945 መጨረሻ የብሪታኒያ ላንካስተሮች እና የአሜሪካ ቢ-17 አውሮፕላኖች በቦምብ ፈንታ ምግብ ጭነው በዝቅታ መብረር ጀመሩ። ከአሥር ቀናት ባልበለጠ ጊዜ ከ10 ሺህ ቶን በላይ ምግብ ጣሉ።

የሶምብሩክ ቤተሰብ ያን ክረምት እንዲሻገር የረዳው ግን አንዲት ትንሽ ማሳ ናት። ትውልድ ከትውልድ የቤቱን አመድና ጥራጊ እየጨመረ ሲያዳብራት የኖረች ቁራሽ መሬት ነበረች።

እንዲህ ያለው አፈር በኔዘርላንድስ እና በሰሜን ጀርመን ‘ፕላገን’ ይባላል። የአካባቢው አፈር በተፈጥሮው አሸዋማ እና ደካማ ነው። ገበሬዎች ለመቶዎች ዓመታት የሣር ድድር እየቆረጡ በከብቶች በረት ያነጥፉት ነበር። ድድሩ ከፍግ ጋር ሲደባለቅ ወደ ማሳ ይወስዱታል። በዚህ መንገድ የተከማቸው ጥቁር አፈር በአንዳንድ ስፍራ እስከ አንድ ሜትር ይጠልቃል። በሌላ አነጋገር፣ ያ አፈር ተፈጥሮ የሰጠችው ብቻ ሳይሆን ሰው የሠራው ነው።

በአማዞን የተገኘው ጥቁር አፈር

ሶምብሩክ በአገራቸው የዋገኒንገን የግብርና ዩኒቨርሲቲ አፈርን አጠኑ። በ1950ዎቹ መጨረሻ እና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በብራዚል የአማዞን ደን ውስጥ የአፈር ቅኝት አካሄዱ።

የደኑ ግዝፈት ያታልላል። ከግዙፎቹ ዛፎች ሥር ያለው አፈር በአብዛኛው በዝናብ የታጠበ፣ ንጥረ ነገሩ የተሟጠጠ ነው። ደኑ ተመንጥሮ ሲታረስ ምርቱ ከጥቂት ዓመታት አይዘልቅም። ይሁን እንጂ በወንዞች ዳርቻ ባሉ ከፍታዎች ላይ፣ እዚህም እዚያም፣ ከአካባቢው ፈጽሞ የተለየ ጥቁር አፈር ይገኛል። ብራዚላውያን ‘ቴራ ፕሬታ’ ይሉታል፤ ‘ጥቁር መሬት’ ማለት ነው። በውስጡ ከሰል፣ የሸክላ ስባሪ እና አጥንት ተቀላቅሎ ይገኛል።

የዚህ አፈር ምንጭ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ከእሳተ ገሞራ አመድ ወይም ከጥንታዊ ሐይቅ ወለል የመጣ ነው ያሉ ነበሩ። ሶምብሩክ ግን የሚያውቁትን አፈር የሚመስል ነገር አዩ። በልጅነታቸው ከረሃብ ያተረፋቸው የቤተሰባቸው ማሳም በሰው እጅ የጠቆረ ነበርና።

በ1966 ለዶክትሬት ዲግሪ ያቀረቡት የአማዞን አፈሮችን የሚመለከት ጥናት እስካሁን ይጠቀሳል። በዚህ ሥራቸው ጥቁሩ አፈር ጥንታዊ ነዋሪዎች በሰፈሩበት ቦታ ከቤት ጥራጊ የተፈጠረ መሆኑን አብራርተዋል። በዙሪያው ያለውን ቡናማ አፈር ደግሞ ‘ቴራ ሙላታ’ በማለት ለይተው፣ ለረጅም ጊዜ በተካሄደ እርሻ የተገኘ ነው ብለዋል።

ይህ አተያይ ስለ አማዞን ሰዎች የነበረውን ግምትም ይነካል። አፈሩን የሠሩት ሰዎች ከሆኑ፣ ደኑ ሰው አልባ ምድረ በዳ አልነበረም ማለት ነው። በ2021 የወጣ አንድ ጥናት የአፈሩን ለምነት ከወንዝ ደለል ጋር በማያያዝ ክርክሩን ዳግም ቢቀሰቅስም፣ በመስኩ የሚሠሩ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሰው እጅ ውጤት ነው በሚለው ይስማማሉ።

ከሰማይ የሚነበብ መሬት

ሶምብሩክ በ1970ዎቹ ወደ ናይሮቢ ሲመጡ የምሥራቅ አፍሪካ የአፈር ጥናት የራሱ ታሪክ ነበረው። በታንጋኒካ የአማኒ ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ጄፍሪ ሚልን፣ በ1930ዎቹ አፈር ከኮረብታ አናት እስከ ሸለቆ ድረስ በሥርዓት እንደሚለዋወጥ አስተውሎ ነበር። ከላይ ቀይ፣ ከመሃል ቡናማ፣ ከታች ጥቁር ዋልካ። ይህንን ተከታታይነት በላቲን ቋንቋ ‘ሰንሰለት’ የሚል ትርጉም ባለው ‘ካቴና’ በሚለው ቃል ሰየመው። ቃሉ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በአፈር ሳይንስ መማሪያዎች ውስጥ ይገኛል።

ይህንን ሰንሰለት በእግር ብቻ ተጉዞ አገር አቀፍ ካርታ ላይ ማስፈር ብዙ ዘመን ይጠይቃል። የኢስትሊ አውሮፕላኖች ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የብሪታኒያ መንግሥት በ1946 ቅኝ ግዛቶቹን በካርታ የሚያነሳ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ፎቶግራፍ የማንሳቱ ሥራ ለአየር ኃይሉ 82ኛ ስኳድሮን ተሰጠ። ይህ ቡድን በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ጣይ ነበር። ከኢስትሊ እና ከሌሎች የአፍሪካ ጣቢያዎች እየተነሳ እስከ 1952 ድረስ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መሬት አነሳ።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። አብራሪው ከፍታውንና አቅጣጫውን ሳያዛንፍ ቀጥ ብሎ ይበርራል። ካሜራው እያንዳንዱን ፎቶ ከቀደመው ጋር ከግማሽ በላይ እንዲደራረብ አድርጎ ያነሳል። ሁለቱ ተደራራቢ ፎቶዎች ስቴሪዮስኮፕ በሚባል መሣሪያ ሲታዩ ኮረብታው ከወረቀቱ ላይ ብድግ ያለ ይመስላል። የአፈር ባለሙያው የመሬቱን ተዳፋት፣ የወንዞቹን ቅርጽ፣ የዕፅዋቱን ጥግግትና የቀለሙን ድምቀት እያየ ድንበር ያሰምራል። ከዚያ በኋላ ወደ ስፍራው ሄዶ ጉድጓድ በማስቆፈር ግምቱን ይፈትሻል።

የኬንያ ካርታ

በ1972 በኬንያ እና በኔዘርላንድስ ትብብር የተጀመረውን የኬንያ የአፈር ቅኝት ፕሮጀክት የመሩት ሶምብሩክ ነበሩ። ከባልደረቦቻቸው ብራውን እና ቫን ደር ፓው ጋር ያዘጋጁት፣ የአንድ ለአንድ ሚሊዮን መጠን ያለው የአገሪቱ የአፈር እና የግብርና አየር ንብረት ካርታ ሪፖርት በ1982 ታተመ።

ካርታው አገሪቱን በእርጥበት መጠን በሰባት ቀጠናዎች ከፋፍሏል። መለኪያው የዝናቡ ብዛት ብቻ አልነበረም። የሚዘንበው ውሃ ፀሐይና ነፋስ ከሚያተኑት ጋር ያለው ምጣኔም ተሰልቷል። ውጤቱም አብዛኛው የኬንያ መሬት ደረቅ ወይም ከፊል ደረቅ መሆኑን፣ አስተማማኝ ዝናብ የሚያገኘው መሬት ደግሞ ጥቂት መሆኑን በግልጽ አሳየ። ‘ይህ መሬት ምን ያበቅላል? ምንስ ሊበቅልበት አይገባም?’ ለሚለው ጥያቄ ካርታው ለዓመታት የመጀመሪያ መልስ ሰጪ ሆኖ ኖሯል።

ሶምብሩክ በ1978 ወደ ዋገኒንገን ተመልሰው የዓለም አቀፉ የአፈር ሙዚየም ዳይሬክተር ሆኑ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ ከሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ጋር በመተባበርም በሰው ምክንያት የተጎዳውን አፈር የሚያሳይ የመጀመሪያው የዓለም ካርታ እንዲዘጋጅ አድርገዋል። ይህ ካርታ ወደ ሁለት ቢሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት መጎዳቱን አመለከተ፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በውሃ የተሸረሸረ ነው።

ሶምብሩክ በኋላ በሮም የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የመሬትና ውሃ ልማት ክፍልን መርተዋል። በመጨረሻዎቹ ዓመታቸው ወደ አማዞን ጥቁር አፈር ተመልሰው፣ ያንን አፈር በዘመናችን እንደ አዲስ መሥራት ይቻል እንደሆነ የሚመረምር የሳይንቲስቶች ስብስብ አስተባበሩ። ሕይወታቸው ያለፈው በ2003 ነው። ባልደረቦቻቸው በ2009 ያሳተሙት የምርምር መድበል ስማቸውን በርዕሱ ይዟል።

ለኢትዮጵያ ገበሬ ምን ይነግራል?

ሶምብሩክ ያነሱት ጥያቄ በአፍሪካም መልስ እየተፈለገለት ነው። በ2016 ኢትዮጵያዊው የአፈር ሳይንቲስት ዳዊት ሰለሞን እና ባልደረቦቻቸው በላይቤሪያ እና በጋና መንደሮች ዙሪያ የሚገኙ ጥቁር አፈሮችን ያጠኑበትን ውጤት አሳትመዋል። የአካባቢው ሴቶች ከምድጃ የሚወጣ ከሰልና አመድ፣ የምግብ ትራፊ እና የእንስሳት አጥንት በመጣል ያበለጸጉት ይህ አፈር፣ ከአጠገቡ ካለው መሬት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ተጨማሪ ካርቦን ይዞ ተገኝቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥም ይህ እውቀት እንግዳ አይደለም። በጉራጌ፣ በሲዳማ እና በጌዴኦ የእንሰት ጓሮ ከቤት በሚወጣ ፍግና ጥራጊ የዳበረ በመሆኑ አፈሩ ከሩቅ ማሳ ይልቅ ጥቁርና ለም ነው። ኮንሶዎች በድንጋይ እርከን አፈራቸውን ለትውልዶች ይዘው ኖረዋል።

በብዙ የሰሜንና የመካከለኛው ደጋ አካባቢዎች ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ደኑ ስለተመናመነ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ አገዳውና ገለባውም ለማገዶና ለመኖ ይውላል። ማሳው ከሰጠው ላይ የሚመለስለት ጥቂት ነው። በ1980ዎቹ በተለያዩ የኢትዮጵያ ደጋዎች በተቋቋሙ የአፈር ጥበቃ ጣቢያዎች የተሰበሰበ መረጃን መሠረት ያደረገ ግምት፣ ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ አመልክቷል።

ኢትዮጵያ በ2012 የራሷን አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ሥርዓት ስትጀምር፣ ለረጅም ጊዜ ሲታደሉ የነበሩት ሁለቱ የማዳበሪያ ዓይነቶች የማይሸፍኑት እጥረት መኖሩ ታወቀ። በብዙ ቦታ ድኝ፣ ቦሮን እና ዚንክ ጎድለው ተገኝተዋል። ካርታው ለየማሳው የሚስማማውን ማዳበሪያ ለመምረጥ ይረዳል። ከአፈሩ የተሟጠጠውን ብስባሽ ግን ከፋብሪካ የሚመጣ ከረጢት ብቻውን አይተካውም። የሶምብሩክ ቤተሰብ ማሳ ለምታ ረሃቡን ያሻገረቻቸው፣ ከእነርሱ በፊት የነበሩት ሰዎች አመዱን ደጅ ከመድፋት ይልቅ ወደ ማሳው ስለመለሱት ነው።